ኤሊዛቤት ለምን ወደ ቤቷ ተመለሰች?

ቶሮንቶ በገባሁበት የመጀመሪያው ዓመት፣ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ለማምለጥ ሰፈራችን ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እመላለስ ነበር። እንግሊዝኛዬ ወፍራም ልብ ወለድ ስለማያስደፍረኝ የማነበው ካርቱን ነው። ከፓተርሰን ቤተሰብ ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው።

ታሪኩ «ፎር ቤተር ኦር ፎር ወርስ» ይባላል፤ እኛ ሠርግ ላይ «በክፉም በደጉም» እንደምንለው መሆኑ ነው። ሊን ጆንስተን የተባለች ካናዳዊት በ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ በየቀኑ በጋዜጣ ታወጣው ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ጆን፣ ሚስቱ ኤሊ፣ ልጆቻቸው ማይክልና ኤሊዛቤት፣ በኋላ ደግሞ ኤፕሪል ትወለዳለች። እንደ ሌሎቹ ካርቱኖች ዕድሜያቸው ቆሞ አይቀርም፤ ከአንባቢው ጋር እኩል ያድጋሉ፣ ያረጃሉ። መጀመሪያ ላይ ሕፃን የነበረችው ኤሊዛቤት በ2008 ሙሽራ ሆነች።

ውሻቸው ፋርሊ በ1995 ሞተ። ትንሿ ኤፕሪል ወንዝ ውስጥ ስትወድቅ ሽማግሌው ውሻ ዘሎ ገባ፤ ልጅቷ ዳነች፣ የእሱ ልብ ግን አልቻለም። ብዙ አንባቢ አልቅሷል፣ የተቆጣም ነበር። እኔ ግን እንከን አላወጣለትም። በታሪኩ አቆጣጠር ፋርሊ አርጅቷል፤ መዝለሉ ደግሞ ባሕርዩ ነው። ያዝናል እንጂ «ይሄማ ከየት መጣ?» አያሰኝም።

«ከየት መጣ?» ያሰኘኝ የኤሊዛቤት ነገር ነው። ልጅቷ አስተማሪ ሆና ከቤተሰቧ ርቃ ሰሜን ኦንታሪዮ፣ ምቲግዋኪ የሚባል የአገሬው ተወላጆች መንደር ሄደች። ከሰዉ ጋር ተላመደች፣ ፖል የሚባል ፖሊስ ወደደች። ከዚያ ቤተሰቧ ናፈቃትና ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ፖል ከሌላ ሴት ጋር መሆኑን ደረሰችበት። የድሮ ጓደኛዋ አንቶኒ ደግሞ፣ ምን ትላላችሁ፣ ሚስቱ እሱንም ልጃቸውንም ጥላ ሄዳለች! በሩ ሁሉ አንድ በአንድ ተዘጋና አንቶኒ ብቻ ቀረ።

መመለሷ አይደለም ያናደደኝ። ስትመርጥ አለማየቴ ነው። ፖል ጥሩ ሰው ሆኖ እየጠበቃት፣ የአንቶኒም ትዳር ሰላም ሆኖ፣ እሷ ግን «እኔ ቤቴን ነው የምፈልገው» ብላ ብትመለስ ኖሮ አምናት ነበር። ደራሲዋ ሁሉን ካመቻቸችላት በኋላ የልጅቷ ፈቃድ የቱ ጋ አለ?

ይህን ያህል የተንገበገብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ በየእሑዱ ስትደውል «ያ የጎረቤታችን ልጅ እኮ ተፋታ፤ ሁልጊዜ ስለ አንቺ ይጠይቃል» ትለኛለች። እማዬ ሊን ጆንስተንን ሳታውቃት ያንኑ ታሪክ ለእኔ ትጽፍልኛለች! እዚህ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ የራሴን ኑሮ ከመሠረትኩ ቆየሁ። ለእሷ ግን አሁንም መመለስ ማለት ማግባት ነው።

አምና መጽሐፎቹን እንደገና አነበብኳቸው። በመሐል አያቴ አርፋለች። መርዶው የተነገረኝ ከቀብሩ በኋላ ነው፤ «እዚያ ብቻዋን ሆና ትደነግጣለች» ተብሎ ተደብቆኝ። እንዲህ ሆኜ ነው የኤሊዛቤት ሠርግ ላይ የደረስኩት። አያቷ ጂም ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ሙሽራዋ ቬሎዋን እንደለበሰች ከሠርጉ ተነሥታ ሄዳ አጠገባቸው ትቆማለች።

መጀመሪያ ሳነበው ዝም ብዬ ያለፍኩት ገጽ ነው። አሁን ግን መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። የተመለሰችበት ምክንያት ይኸው! ሰው ሲታመም ልብስ ሳይቀይሩ የሚደርሱበት ርቀት ላይ መኖር። ለዚህ አንቶኒ አያስፈልግም ነበር። ደራሲዋ እውነተኛውን ምክንያት በእጇ ይዛ ከሠርጉ ጀርባ ደበቀችው ብዬ አስባለሁ።

እኛስ? «ለምን አትመለሱም?» ሲሉን ሥራውን፣ ፖለቲካውን፣ የልጆቹን ትምህርት እንደረድራለን። «ለምን ትመለሳላችሁ?» ሲሉን ደግሞ መሬትና ቤት። እውነተኛው ምክንያታችን ከነዚህ ሁሉ ጀርባ ሊሆን ይችላል። እሱን ለይተን ካላወቅን እናታችን፣ አለቃችን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ይመርጥልናል።

እኔ ለጊዜው ለአንድ ወር ትኬት ቆርጫለሁ። ለእማዬም «የምመጣው አንቺንና አባዬን ለማየት ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ ልጄ፤ ቡና ግን ጎረቤት ተጠርተን እንሄዳለን» አለችኝ።

እሄዳለሁ። ቡናውን ብቻ ጠጥቼ እመለሳለሁ።