ከፋሲል ግንብ ባሻገር፤ በጠዳ መንገድ ላይ ያለው ጎንደር

ጎንደር ስትነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ፋሲል ግንብ ነው፡፡ ቢሄድም አይፈረድበትም፡፡ ችግሩ ሐሳባችን እዚያው ደርሶ መቆሙ ነው፡፡ ወደ ከተማዋ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፣ ግማሽ ቀን በግቢው ውስጥ ይዘዋወራል፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አንጋጦ ያያል፣ በማግሥቱ ደግሞ ወደ ስሜን ተራሮች ወይም ወደ ላሊበላ ጉዞውን ይቀጥላል፡፡ ጎንደርን አየሁ ይላል፤ ያየው ግን የታሪኩን የመጨረሻ ምዕራፍ ብቻ ነው፡፡

ለመሆኑ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ምንድን ነው? ብዙ ሰው አንድ ግቢ ይመስለዋል፡፡ የመዝገቡ ስም ግን «ፋሲል ግቢ፣ የጎንደር አካባቢ» የሚል ሲሆን በውስጡም ስምንት ቦታዎች ተካተዋል፡፡ ከእነዚህም መካከል የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እና ቁስቋም በከተማዋ ውስጥ የሚገኙ ናቸው፡፡ የጉዛራ ግንብ፣ ጎርጎራ እና የሱስንዮስ ማርያም ግንብ ደግሞ ከከተማዋ ርቀው በጣና ዙሪያ ይገኛሉ፡፡ በወረቀት ላይ ከፋሲል ግንብ ጋር እኩል ክብር አላቸው፡፡ በጎብኚ ብዛት፣ በጥበቃና በጥገና ግን አቻ ናቸው ለማለት አይቻልም፡፡

ጠዳ ላይ ቆሞ ለሚያይ

ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት፡፡ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ስሟ የሚታወቅ ከሆነ በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ነው እንጂ በቱሪስት መስህብነት አይደለም፡፡ መንገደኛውም በአብዛኛው ሳይወርድ ያልፋታል፡፡ ይሁን እንጂ ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ጠዳ ለዚህ ታሪክ ማዕከል የሚሆን ቦታ ላይ ነች፡፡ ወደ ሰሜን አዘዞና ጎንደር አሉ፡፡ ወደ ደቡብ በማክሰኚት በኩል አድርጎ እንፍራንዝና ጉዛራ ይገኛሉ፡፡ በምሥራቅ በኩል ሽቅብ የሚወጣው ደጋ ወደ ደንቀዝ ያደርሳል፡፡ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የደምቢያ ሜዳ ተዘርግቶ እስከ ጣና ሐይቅና እስከ ጎርጎራ ይዘልቃል፡፡

የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም፡፡ ድንኳናቸውን ይዘው ከአገር አገር ይዘዋወሩ ነበር፡፡ ክረምት ሲገባ ከርመው፣ በጋ ሲሆን ይዘምታሉ፡፡ ይህ ኑሮ ቀስ በቀስ ተለውጦ በድንጋይና በኖራ ወደተሠራ ከተማ የደረሰው በዚሁ በጠዳ ዙሪያ ባለው አገር ነው፡፡ እርምጃውንም አንድ በአንድ እየተከተሉ መጎብኘት ይቻላል፡፡

ጉዛራ፤ የመጀመሪያው ደረጃ

የጉዛራ ግንብ ከእንፍራንዝ ከተማ አጠገብ ከጉብታ ላይ የቆመ ሲሆን ያሠሩትም እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል፡፡ ከጉብታው ላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል፡፡ ፎቅ ያለው ሕንፃ፣ በማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ፡፡ ይህንን ያየ ሰው በኋላ ወደ ጎንደር ሲመጣ የፋሲል ግንብ ከሰማይ የወረደ ነገር አለመሆኑን በቀላሉ ይረዳል፡፡ ጎንደር ከመቆርቆሯ ከበርካታ ዐሥርተ ዓመታት በፊት የዚያው ዓይነት አሠራር እዚህ ተሞክሯል፡፡

ጎርጎራና ማርያም ግንብ

ሁለተኛው ደረጃ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607-1632) ነው፡፡ ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ ጎርጎራ አዛውረው ነበር፡፡ በዚህ ወቅት እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ተሰሚነት አግኝቶ ነበር፡፡ ፓኤዝ ግንባታ ያውቅ ነበር፤ ስለ አገሪቱም ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ ጽፎ አልፏል፡፡ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1622 እዚያው ጎርጎራ ነው፡፡ ከእርሱ ሞት በኋላ የተሠራው የማርያም ግንብ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ከዛሬዋ ጎርጎራ ራቅ ብሎ በሐይቁ ዳር ይገኛል፡፡ የድንጋይ ላይ የአበባ ቅርጾቹ ያማሩ ነበሩ፡፡ አሁን ግን የሕንፃው አብዛኛው ክፍል ፈርሷል፡፡

በጎርጎራ ከተማ ያለው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ይለያል፡፡ ክብ ሆኖ የተሠራ፣ ግድግዳው በጥንታዊ ሥዕል የተሸፈነ፣ ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስበት ነው፡፡ ፍርስራሹን አይቶ ወደ ደብረ ሲና የሚመጣ ጎብኚ ሰው የሚገለገልበትና የሚጠብቀው ቅርስ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው በዓይኑ ያያል፡፡ በቅርብ ዓመታት በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ ትልቅ ሎጅ መገንባቱ ለአካባቢው አዲስ ተስፋ ነው፡፡ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ከአዘዞ ተገንጥሎ በቆላ ድባ በኩል ያልፋል፡፡

ደንቀዝና አዘዞ

ዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ካሠሩባቸው ቦታዎች ሌላው ደንቀዝ ነው፡፡ ይህ ቦታ የሚታወሰው በግንቡ ብቻ ሳይሆን በተፈጸመበት ነገር ነው፡፡ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1626 ለሮማው ጳጳስ የመታዘዝ መሐላ የፈጸሙት እዚህ ነው፡፡ ውጤቱ ግን ደም ሆነ፡፡ ሕዝቡ ለአባቶቹ ሃይማኖት ተነሣ፤ በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፡፡ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፡፡ ዛሬ ደንቀዝ ላይ የቆመው የተሰነጠቀ ግድግዳ ይህን ሁሉ አይቷል፡፡

የዐፄ ሱስንዮስ መቃብር ያለው አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው፡፡ ንጉሡ በዚህ ቦታ ቤተ ክርስቲያን፣ የአትክልት ሥፍራና የውኃ ገንዳ አሠርተው ነበር፡፡ የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች በቅርብ ዘመን ባካሄዱት ቁፋሮ የዚያን ዘመን መሠረቶች አግኝተዋል፡፡ የሚገርመው ግን የአውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ሆኖ እያለ ገነተ ኢየሱስን ጎራ ብሎ የሚያይ እንግዳ እምብዛም መሆኑ ነው፡፡

ከተማዋ

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ይህ ሁሉ ልምድ በእጃቸው ነበር፡፡ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ የኖራውን ሙያ ግን አላባረሩም፡፡ ግቢው ወደ 900 ሜትር በሚጠጋ አጥር የተከበበና 12 በሮች የነበሩት ነው፡፡ እያንዳንዱ በር ስምና አገልግሎት ነበረው፤ ጃን ተከል በር፣ ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር እያለ ይቀጥላል፡፡ አስጎብኚዎን በሮቹን አንድ በአንድ እንዲያሳይዎ ቢጠይቁ የቤተ መንግሥቱ ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ይገባዎታል፡፡

በውስጡም የዐፄ ፋሲል ባለ አራት ማማ ግንብ፣ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች እንዲሁም የአንበሳ ቤት ይገኛሉ፡፡ የኢያሱ ግንብ ጣሪያ አልባ ሆኖ የቀረበት አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያኖችን ለማስለቀቅ የጣሉት ቦምብ ነው፡፡ ጣሊያኖች በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽግ ያስረከቡት በዚሁ ዓመት ኅዳር ወር ጎንደር ላይ ነበር፡፡ እነርሱ በቆይታቸው ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት ጠግነው ነበር፡፡ ሲሚንቶ ግን ከኖራ ጋር አይስማማም፤ እርጥበትን አፍኖ ይይዝና ድንጋዩን ይጎዳል፡፡ በመሆኑም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያ ጥገና እየተነሣ በኖራ ተተክቷል፡፡ በቅርብ ዓመታትም በግቢው ሰፊ የእድሳት ሥራ ተከናውኗል፡፡

ከግቢው ውጭ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የፋሲል መዋኛንና ቁስቋምን ማየት ይገባል፡፡ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥሉ ተርፏል፤ ያተረፈውም የንብ መንጋ እንደሆነ በአባቶች ይነገራል፡፡ በጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ቁልቁል ይመለከታል፡፡ ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ስትሆን የንግሥ በዓሏ ኅዳር 6 ነው፡፡

የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውኃ ተሞልቶ ጥር 11 ቀን የጥምቀት በዓል ይከበርበታል፡፡ የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፡፡ በወሩ፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን በመዋኛው ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፡፡ በዓሉን ለማየት የሚመጣ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት፤ አዘጋጆቹም ጭምር፡፡

ቀን ላለው

ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ከከተማዋ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ወለቃ ጎራ ይበል፡፡ የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረች ሲሆን ነዋሪዎቿ በ1980ዎቹና በ1991 (እ.ኤ.አ.) በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፡፡ ከዚያ አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነች፡፡ ዋልያ በዓለም ላይ ያለው በዚህ አካባቢ ብቻ ነው፡፡ ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ በ2017 ከመዝገቡ ወጥቷል፡፡ ትኩረት ከተሰጠው ቅርስ ማገገም እንደሚችል ይህ አንድ ማስረጃ ነው፡፡

ለጎብኚው ጥቂት ምክር

ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ፀጥታ ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ፡፡ በተለይ ወደ ደንቀዝና ወደ ማርያም ግንብ የአካባቢውን መሪ ሳይዙ አይሂዱ፡፡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማዎን ያውልቁ፣ ነጠላ ይያዙ፣ ሥዕሎችን በፍላሽ አያንሡ፡፡ በፈረሰ ግድግዳ ላይ አይውጡ፤ ኖራው የለቀቀ ድንጋይ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል፡፡ የብራና መጽሐፍ ወይም ጥንታዊ መስቀል ልሽጥልህ የሚል ቢገጥምዎ እምቢ ይበሉ፡፡ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፡፡

ማን ይጠብቀው?

የጎንደር ቱሪዝም ያለፉትን ዓመታት በችግር አሳልፏል፡፡ የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ተደራርበውበታል፡፡ እንግዳ ሲጠፋ የሚጎዳው ሆቴል ብቻ አይደለም፡፡ አስጎብኚው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ የበቅሎ አከራዩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሁሉ ገበያቸው ይቀዘቅዛል፡፡

ሰላም ሲሰፍን እንግዳው መመለሱ አይቀርም፡፡ ጥያቄው ሲመለስ ምን እናሳየዋለን የሚለው ነው፡፡ ፋሲል ግቢ ጠባቂ፣ ቲኬት ቆራጭና በጀት አለው፡፡ በገጠር ያለ ፍርስራሽ ግን ያለው ጠባቂ ጎረቤቱ ያለው ገበሬ ነው፡፡ ገበሬው ከቅርሱ አንዳች ጥቅም ካላገኘ ግንቡ ለእርሱ የተጠረበ ድንጋይ ክምር ከመሆን አያልፍም፤ በዚህም እርሱን መውቀስ አይቻልም፡፡ እንግዳው አንድ ሌሊት ጨምሮ ጉዛራን፣ ደንቀዝን ወይም ጎርጎራን ቢያይ፣ በጠዳና በማክሰኚት ወርዶ ምሳ ቢበላ፣ መሪ የሚሆነውም የዚያው ቀበሌ ወጣት ቢሆን ግንቡ ባለቤት ያገኛል፡፡ ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አቅጣጫ የሚጠቁም ሰሌዳ፣ የሠለጠኑ ጥቂት ወጣቶችና ከመግቢያ ክፍያው ለቀበሌው የሚደርስ ድርሻ ለመጀመር ይበቃሉ፡፡

ስምንቱ ቦታዎች የተመዘገቡት በአንድ መዝገብ ነው፡፡ አንዱን አድሰን ሌላው ሲፈርስ ዝም ብለን ካየን ከታሪኩ የሚተርፈን የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ይሆናል፡፡