ተጨማሪ መረጃ፦ በሽታው ባይድንም ሕመሙ ይታከማል

በዚህ ምዕራፍ ስለ ካንሰር ተምራችኋል። ሊድን የማይችል በሽተኛስ ምን ይደረግለታል? የማስታገሻ ክብካቤ (ፓሊየቲቭ ኬር) ጽኑ ሕመምተኛን ከስቃይ የሚያሳርፍ፣ ቤተሰቡንም የሚደግፍ ሕክምና ነው። በሕይወት መጨረሻ አካባቢ የሚሰጠው ሆስፒስ ይባላል። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ናቸው። ድርጅቱ በአዲስ አበባ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይረዳል።

ለከባድ ሕመም ዋናው መድኃኒት ሞርፊን ነው፤ በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ውድ አይደለም። ብዙዎች «ሱስ ያስይዛል» ብለው ይሸሹታል። በባለሙያ ትእዛዝ ተለክቶ ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ግን ይህ ስጋት አነስተኛ ነው፤ በፍርሃት ብቻ ማንም ሲቃትት ሊያድር አይገባም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በዓለም ላይ ክብካቤው ከሚያስፈልጋቸው የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

በእኛም አገር፣ ለምሳሌ በደቡብ ወሎ በመካነ ሰላምና በመቅደላ ገደላማ ቀበሌዎች፣ የማስታመሙ ሸክም በአብዛኛው የቤተሰብ ነው። መኪና በማይደርስበት ቦታ በሽተኛን በቃሬዛ የሚያወጣው ቅሬ የሚባለው የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር ነው፤ ይህ ትልቅ ጉልበት ነው።

እስቲ የሰፈራችሁን የቅሬ አባላት ጠይቁ፦ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሲኖር ማን ያድራል? ማን ውኃ ይቀዳል? ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋስ ማን ይነግራል?