«በሊትር ሃያ ይሄዳል» የሚባለው የት መንገድ ላይ ነው?

መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ዋጋውን ከሰማ በኋላ የሚጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ደላላውም አያቅማማም፤ «ሃያ» ይላል። ቁጥሩን ከሆዱ አላወጣውም፤ አምራቹ ባሳተመው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ነገር ግን ያ ወረቀት ከወይጦ ሙቀት ተነሥቶ ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚወጣውን፣ በካኮ አልፎ ጂንካ የሚገባውን መንገድ አያውቀውም። መኪናውም ሰኞ ለካኮ ገበያ ሰውና እህል ጭኖ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ጀሪካን ደርድሮ እንደሚወጣ ማንም አልነገረውም።

ቁጥሩ የሚወጣው መንገድ ላይ አይደለም። መኪናው አዳራሽ ውስጥ በሚሽከረከሩ ትልልቅ ብረቶች ላይ ይቆማል፤ ጎማው ይዞራል፣ መኪናው ግን ከቦታው ፈቀቅ አይልም። ከፊቱ ማራገቢያ ይነፋበታል። ሾፌሩ ስክሪን ላይ የተሰመረለትን የፍጥነት መስመር እየተከተለ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል። ብረቶቹ ጎማውን ምን ያህል መታገል እንዳለባቸው የሚወሰነው አስቀድሞ ሜዳ ላይ በሚደረግ ሙከራ ነው፤ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ በፎሌ ይለቀቅና ፍጥነቱ በምን ያህል ጊዜ እንደቀነሰ ይለካል። በመጨረሻም ከማርሚታው የወጣው ጭስ ተሰብስቦ በውስጡ ካለው ካርቦን የተቃጠለው ነዳጅ ይሰላል።

አዳራሽ ውስጥ መለካቱ በራሱ ጥፋት የለውም። ሁለት መኪኖችን ለማወዳደር ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት መፈተን አለባቸው። ጣጣው የሚመጣው ለማወዳደሪያ የተሠራው ቁጥር ለገዢው የኪሱ ሒሳብ ሆኖ ሲነገረው ነው።

አውሮፓን እንውሰድ። እስከ ቅርብ ዓመታት ይሠራበት የነበረው ኤንኢዲሲ የተባለው ፈተና 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማው ክፍል መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ 50 ለመድረስ 26 ሰከንድ ይሰጠዋል። እንደዚያ የሚነዳ ሰው ቢኖር ከኋላው ያለው የተጫነ አይሱዙ እንኳ ጥሩምባ ሳይነፋበት አይቀርም። ዳገት የለም፣ ኤሲ አይከፈትም። ታክስ ከዚሁ ቁጥር ጋር ሲቆራኝ ደግሞ አምራቾች መኪናውን ለሾፌሩ ሳይሆን ለፈተናው ማዘጋጀት ጀመሩ። የበሩን ክፍተት በፕላስተር መድፈን፣ ጎማን ከልክ በላይ መንፋት፣ ለሙከራው በጣም ለስላሳ የሆነውን ሜዳ መምረጥ የተለመደ ሆነ። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት እንዳሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወረቀቱና በመንገዱ መካከል የነበረው ልዩነት 8 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ 40 በመቶ አካባቢ ደርሷል። መኪኖቹ እየተሻሻሉ ነበር፤ በወረቀት ላይ ያለው መሻሻል ግን መንገድ ላይ ካለው እጅግ ይፈጥን ነበር።

ይህ እንግዲህ ሕጉ በግልጽ ያልከለከለው ነው። ከዚያም ያለፉ አሉ። ሀዩንዳይና ኪያ እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ 900 ሺህ ያህል መኪኖች ላይ የለጠፉትን ቁጥር ዝቅ ለማድረግ ተገደዋል። ሚትሱቢሺም በ2016 የጃፓን ትንንሽ መኪኖቹን የሙከራ መረጃ ማዛባቱን አምኗል።

ልዩነቱን ለማጥበብ አገሮች ሦስት መንገድ ሞክረዋል። አሜሪካ መጀመሪያ የወሰደችው ቀላሉን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1985 ሞዴል ጀምሮ የአዳራሹ ውጤት ከከተማው 10 በመቶ፣ ከአውራ ጎዳናው 22 በመቶ እየተቀነሰለት እንዲለጠፍ አደረገች። ያም አልበቃ ሲል ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ፈተናው ራሱ ሰፋ። በሰዓት እስከ 129 ኪሎ ሜትር መንዳት፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት ኤሲ ከፍቶ መንዳት፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መንዳት ተጨመሩበት። አውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደብሊውኤልቲፒ ወደተባለ ረዘም ያለና ፈጠን ያለ ፈተና ተሻገረች፤ ኤሲው ግን እዚያም እንደተዘጋ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ነው፤ መኪናውን ራሱን መጠየቅ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚመዘገቡ አዳዲስ መኪኖች የበሉትን ነዳጅና የሄዱትን ርቀት የሚመዘግብ መሣሪያ አላቸው። የአውሮፓ ኮሚሽን ይህንን መረጃ ሰብስቦ በ2024 ሲያወጣ፣ የቤንዚን መኪኖች በአዲሱ ፈተና ከተጻፈላቸው 24 በመቶ ያህል፣ የናፍጣዎቹ 18 በመቶ ያህል ይበልጥ እንደሚበሉ ታየ። ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ የሚደረጉት ሃይብሪዶች ደግሞ ሦስት ተኩል እጥፍ ነዳጅ ጨርሰው ተገኙ፤ ምክንያቱም ብዙው ባለቤት እንደታሰበው ቻርጅ አያደርግም።

ወደ እኛ እንመለስ። የራሳችን የነዳጅ ፍጆታ መለያ ስለሌለን መኪናው የመጣበት አገር ቁጥር አብሮት ይመጣል። የቆዩ የጃፓን መኪኖች ወረቀት የተሞላው 10-15 በተባለው ፈተና ነው፤ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት የለውም፣ አማካዩም 23 አይሞላም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም የሚያየው የሞተሩን ሲሲና የመኪናውን ዕድሜ ነው እንጂ የሚበላውን ነዳጅ አይደለም። ትንሽ ሲሲ ደግሞ ሁልጊዜ ቆጣቢ ማለት አይደለም፤ አምስት ሰው ይዞ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ዳገት የሚወጣ ትንሽ ሞተር ከትልቁ ብዙም አይሻልም።

ዳገቱ ምን ያህል እንደሚበላ በወረቀትና በእርሳስ ማስላት ይቻላል። ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ወደ ቀይ አፈር ሲወጣ 1,000 ሜትር ከፍታ ጨመረ እንበል። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 15 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ቢኖረውም ሞተሩ ለጎማ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ነው፤ ቀሪው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገቱ ብቻውን፣ በሜዳውም ከሚበላው ሌላ፣ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይወስዳል። በ2017 ዓ.ም ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሲወርድ ቤንዚኑ አይመለስም። «በፎሌ ልልቀቀው፣ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ላለመጥፋት ያቃጥላል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ጣጣ ነፃ የሚመስለው ይኖራል። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ገበያውን የሞላው የቻይና ሥሪት ነው። ብዙዎቹ ይዘውት የሚመጡት ቁጥር የተለካው ሲኤልቲሲ በተባለው ፈተና ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ 29 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገትም የለበትም። ቢዋይዲ ሲጋል ባለ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፎለታል። ያንኑ 1,000 ሜትር አራት ሰው ይዞ ሲወጣ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያወጣል፤ ከወረቀቱ ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀነሰ ማለት ነው። ደግነቱ ሲወርድ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ይሁን እንጂ ከወይጦ የሚነሣ ሰው ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ቻርጅ ሲነሣ እጁ ላይ መኖር አለበት።

ለእኛ የሚሆን መለኪያ ጭራሽ የለም ማለትም አይቻልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኖርማላይዜሽን የሚሉት አለ፤ ሰልባትዮው ተሞልቶ መኪናው በሚታወቅ ርቀት ይነዳል፣ ተመልሶ ይሞላል፣ በሊትር የሄደው ተሰልቶ የነዳጅ አሰጣጡ በዚያ ይመራል። አሠራሩ ትክክለኛ ነው፤ የሚለካው እውነተኛ መንገድ ላይ ነውና። ነገር ግን በአስፋልት ባዶ ተነድቶ የተገኘ ቁጥር ጭኖ ኮረኮንች ለሚገባ መኪና ቢሠራበት ሾፌሩ በማያውቀው ነዳጅ ይጠየቃል። ውጤቱም ፋይል ውስጥ ይቀራል እንጂ መኪና ገዢው አያየውም።

የግል ባለመኪናም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። በአንድ ማደያ ነዳጁን ሙሉ፤ ቧንቧው ራሱን ሲዘጋ አቁሙ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እዚያው ማደያ ሙሉና የሄዳችሁትን ለገባው ሊትር አካፍሉ። በመካከል በሃይላንድ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ካለ ሒሳቡ ይበላሻል። ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ ካስገጠማችሁም ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት ያነሰ ይጽፋል።

የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ይህን ሥራ ለመጀመር ውድ አዳራሽ መገንባት አይጠበቅባቸውም። አስመጪው የሚያስተዋውቀውን ቁጥር ከነፈተናው ስም እንዲጽፍ ማስገደድ፣ በመሥሪያ ቤቶች ፋይል የተኛውን የኖርማላይዜሽን ውጤትም በመንገድና በጭነት ዓይነት ለይቶ ለሕዝብ ማውጣት ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ ገዢዎች ሆይ፣ «በሊትር ስንት?» ካላችሁ በኋላ «የት መንገድ ላይ? ምን ጭኖ?» ማለትን አትርሱ።