ለዲስክ ፍሬን ብስክሌት በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ መንኮራኩር እንዴት ይመረጣል?

በአውሮፓውያኑ መስከረም 2025 የሩዋንዳ መዲና ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን አስተናግዳለች። ሻምፒዮናው በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ በድምሩ ከ5,400 ሜትር በላይ ዳገት ነበረው። የኮረብታማዋን ከተማ አስፋልትና በድንጋይ የተነጠፉ አቀበቶች ያቋረጡት ብስክሌቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲስክ ፍሬን የተገጠመላቸው ነበሩ።

ከአሥር ዓመት በፊት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት (ዩሲአይ) ዲስክ ፍሬንን በጎዳና ውድድር ላይ መሞከር የጀመረው በ2015 ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የፈቀደው በ2018 ነው። ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹ አምራቾች ቸርኬውን ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዘውን የቀድሞ ፍሬን ከአዳዲስ ብስክሌቶቻቸው ላይ አንድ በአንድ አስወጥተዋል።

ለውጡ በአሥመራ፣ በመቀለ፣ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢም ሆነ በኪጋሊ ላሉ ወጣት ጋላቢዎች ዕድልም ችግርም ይዞ መጥቷል። ከአውሮፓና ከአሜሪካ በስጦታም ሆነ በሽያጭ የሚመጡት ያገለገሉ ብስክሌቶች ዲስክ ፍሬን ያላቸው እየሆኑ ነው። በየክለቡና በየጥገና ቤቱ ለዓመታት የተከማቹት መንኮራኩሮች ግን ለእነዚህ ብስክሌቶች አይሆኑም። በመሆኑም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የተጣመመ አንድ መንኮራኩር ብስክሌቱን ለወራት ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ደረጃዎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ ላዩ ታዳጊዎች፣ ለወራት ከልምምድ መራቅ የውድድር ዘመንን እንደማጣት ነው።

ጉዳዩ የደኅንነትም ነው። ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በ115 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ጠለል ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ የዓባይን በረሃ የሚያቋርጠው ጎዳናም ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይምዘገዘጋል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ መንኮራኩር ቢከዳ ውጤቱ የከፋ ነው።

ዲስክ ፍሬን መንኮራኩሩን እንዴት ይለውጠዋል?

አንድ መንኮራኩር ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ መሐል ላይ ያለው ሞዞ፣ ጎማው የሚያርፍበት ቸርኬ እና ሁለቱን የሚያገናኙት ራጂዎች። የእነዚህ ቃላት ምንጭ ጣልያንኛ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ የብስክሌት ውድድር በቀጣናው ሥር የሰደደው በኤርትራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጂሮ ዴሪትሪያ የተካሄደው በ1946 ነበር።

በቀድሞው ፍሬን መንኮራኩሩን የሚያቆመው ቸርኬው ላይ የሚጫነው ጎማ ነው። በዲስክ ፍሬን ግን የሚያዘው ሞዞው ላይ የታሰረው ዲስክ ስለሆነ፣ የማቆሚያው ኃይል ከሞዞው ተነስቶ በራጂዎቹ በኩል ወደ ቸርኬው ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ለዲስክ የሚሠራ መንኮራኩር፣ የፊተኛውም ጭምር፣ ራጂዎቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉ መወጠር አለባቸው። ከሞዞው በቀጥታ ወደ ውጪ የተዘረጉ ራጂዎች ይህን ጠምዛዥ ኃይል ለመሸከም አልተሠሩም።

ለውጡ ለገዢው የሚሰጠው አንድ ትልቅ ጥቅምም አለ። በቀድሞው ሥርዓት ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው እየተፋቀ ይሳሳና በመጨረሻ ይጣላል። በዲስክ የሚያልቀው ዲስኩና የፍሬኑ ሸራ ነው፤ ቸርኬው በፍሬን ምክንያት አይጎዳም። ስለዚህ በደንብ የተያዘ ያገለገለ የዲስክ መንኮራኩር ከቀድሞው ዓይነት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ሊቀረው ይችላል።

ከዋጋ በፊት ልኬት

በርካሽ የተገዛ መንኮራኩር ብስክሌቱ ላይ ካልገባ ውድ ነው። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሦስት ነገሮች መረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

የመጀመሪያው ፔርኖው ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ የዲስክ የጎዳና ብስክሌቶች ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው የሚታሰር 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፔርኖ ይጠቀማሉ። የሞዞው ስፋት ከፊት 100 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ 142 ሚሊ ሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ብስክሌቶች ግን ቀጭኑን ባለ እጀታ ማሰሪያና ከኋላ 135 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞዞ ይዘዋል። ሁለቱን በግምት መለየት አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የዲስኩ አስተሳሰር ነው። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ዲስኩ በስድስት ቡሎን የሚታሰርበት ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ሴንተርሎክ የሚባለው፣ ዲስኩ በጥርሶች ላይ ተሰክቶ በአንድ ቀለበት የሚጠብቅበት ነው። በሴንተርሎክ ሞዞ ላይ ባለ ስድስት ቡሎን ዲስክ በማገናኛ ሊታሰር ይችላል። የዚህ ተቃራኒ ግን አይሠራም። የዲስኩ ስፋትም፣ በብዛት 140 ወይም 160 ሚሊ ሜትር፣ ከቀድሞው ጋር መመሳሰል አለበት።

ሦስተኛው የኋላ ጥርሶቹ የሚሰኩበት አካል ነው። የሺማኖ፣ የስራምና የካምፓኞሎ አሠራሮች ይለያያሉ። በቀጣናው በብዛት የሚገኘው ለሺማኖ የሚሆነው ነው። ባለ 11 ጥርስ የጎዳና ካሴት የሚቀበል አካል ባለ 8፣ 9 ወይም 10 ጥርሱንም በ1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት አማካይነት ይይዛል። ለቀድሞው ባለ 10 ጥርስ ብቻ የተሠራው ግን ባለ 11 የጎዳና ካሴትን በአብዛኛው አይቀበልም።

አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን?

የብዙዎች ምኞት በቴሌቪዥን የሚያዩት ጥቁሩ የካርቦን ቸርኬ ነው። ጥንድ የካርቦን መንኮራኩሮች በአብዛኛው ከ1,300 እስከ 1,500 ግራም ሲመዝኑ፣ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡ የአሉሚኒየም መንኮራኩሮች ከ1,600 እስከ 1,900 ግራም ይመዝናሉ።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። ጋላቢው፣ ብስክሌቱና ውኃው አንድ ላይ 73 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ 300 ግራም የዚህ 0.4 በመቶ ነው። አንድ ሰዓት በሚፈጅ አቀበት ላይ ይህ ወደ 15 ሰከንድ ይጠጋል። በውድድር መጨረሻ 15 ሰከንድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በአንድ የተሰበረ ራጂ ወይም በአንድ የፈነዳ ጎማ የሚባክነው በደቂቃዎች ይቆጠራል።

በተመሳሳይ ዋጋ ከቀረቡ፣ ስሙ ከማይታወቅ የካርቦን መንኮራኩር ይልቅ የታወቀ አምራች አሉሚኒየም መምረጥ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። አሉሚኒየም ጉድጓድ ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል፤ ጉዳቱም በዓይን ይታያል፣ አንዳንዴም ይቃናል። የካርቦን ስንጥቅ ግን ከላይ ላይታይ ይችላል። ቸርኬው ላይ የተለጠፈ ታዋቂ ስም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ተለጣፊ ጽሑፍ ለብቻው ይሸጣልና።

በዩሲአይ ሕግ በሚመሩ ውድድሮች መሳተፍ የሚፈልግ ጋላቢ ሌላም ነገር ማየት ይኖርበታል። ኅብረቱ ጥልቀት ያላቸውን ቸርኬዎች ፈትኖ የፈቀዳቸውን በዝርዝር ያወጣል። ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶም በጅምላ በሚነሱ የጎዳና ውድድሮች ላይ ከ65 ሚሊ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቸርኬ እንዳይገባ ወስኗል። በመሆኑም በርካሽ የሚሸጥ እጅግ ጥልቅ ቸርኬ የሚረክስበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ስፋት፣ ጎማና ንፋስ

የዘመኑ የጎዳና ጎማዎች ሰፍተዋል። ቀድሞ 23 ሚሊ ሜትር የነበረው አሁን 28 ወይም 30 ደርሷል። ለእነዚህ ከ19 እስከ 21 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቸርኬ ይስማማል። በተበላሸ መንገድ ላይ ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ ንፋስ መሄዱ ምቾት ይሰጣል፤ ቸርኬውንም ከምት ይከላከላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። አንዳንድ አዳዲስ ቸርኬዎች የጎማውን ጠርዝ ነክሶ የሚይዘው ከንፈር የላቸውም። በእነዚህ ላይ የሚሞላው ንፋስ ከ5 ባር፣ ማለትም ከ73 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም፤ ጎማውም ለዚህ ዓይነት ቸርኬ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ውስጡ ከለመዳሪ ቢገባበትም እንኳ። በ2024ቱ የዩናይትድ አረብ ኤምሬትስ ዙር አንድ ጋላቢ ጎማው ከእንዲህ ያለ ቸርኬ ወጥቶ ከወደቀ በኋላ ጉዳዩ በብርቱ አከራክሯል። የንፋስ መለኪያ በማይገኝበት፣ ጎማም እንደተገኘ በሚገዛበት አካባቢ፣ ከንፈር ያለው ቸርኬ ይመረጣል። ለእርሱ ማንኛውም ተራ ጎማና ከለመዳሪ ይሆነዋል።

በአካባቢው የሚጠገን መሆኑ

ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ላይ መንኮራኩር የሚገዛ ሰው ሊያነሳው የሚገባው ጥያቄ “ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ይመጣል?” የሚል ነው። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈው መደበኛ ራጂ በየቦታው ይገኛል። ቀጥ ያለ ጫፍ ያለው ወይም ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሠራው ግን ከውጭ መታዘዝ ሊኖርበት ይችላል። በእያንዳንዱ መንኮራኩር 24 ወይም 28 ራጂ ቢኖር፣ አንዱ ሲሰበር ቀሪዎቹ ጋላቢውን ቤቱ ያደርሱታል። ራጂውን ከቸርኬው ጋር የሚያጠብቁት ትንንሽ ዳዶዎች ከአሉሚኒየም ይልቅ ከነሐስ ቢሆኑ ዝናብና ላብ ቶሎ አይበላቸውም።

ሞዞውን በተመለከተም ሁለት አማራጮች አሉ። ብዙዎቹ ታሽጎ የሚመጣ ኩሽኔታ ይጠቀማሉ፤ እንደ 6902 ያለው መለያ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ኩሽኔታ መሸጫ መሄድ ይቻላል። የሺማኖ ሞዞዎች ደግሞ በአብዛኛው በተናጠል ኳሶች የሚሠሩ ሲሆን፣ ተፈተው፣ ታጥበውና ግራሶ ተቀብተው ይስተካከላሉ። ይህን በጊዜው ማድረግ ግን ግድ ይላል።

ልምድ ያለው ራጂ ወጣሪ ባለበት ከተማ ሌላም መንገድ አለ። ቸርኬው ተበላሽቶ ሞዞው ጤነኛ ከሆነ፣ ቸርኬ ብቻ ገዝቶ ማስወጠር ከአዲስ መንኮራኩር ሊረክስ ይችላል። አዲሱ ቸርኬ የቀዳዳው ቁጥርና ራጂው የሚያርፍበት የውስጥ ልኬቱ ከቀድሞው ጋር እኩል ከሆነ፣ የራጂው ርዝመትም ያው ይሆናል።

ያገለገለ ሲገዛ ምን ይታያል?

መንኮራኩሩ በአየር ላይ ሲሽከረከር ቸርኬው ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች መዋኘት የለበትም። በራጂ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። ፔርኖው በእጅ ሲዞር ከሻከረ ወይም ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ይቀየራልና ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። በአንድ ወገን ያሉት ራጂዎች በጣት ሲመቱ ተቀራራቢ ድምፅ ካላወጡ ውጥረታቸው ተዛብቷል። ዲስኩም ቢለካ መልካም ነው፤ አዲስ የሺማኖ ዲስክ 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ 1.5 ሲደርስ መለወጥ አለበት።

የውጭ ምንዛሬና የዘመድ ሻንጣ

በኢትዮጵያ ከሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። በዚህ ላይ ማጓጓዣና ቀረጥ ሲታከሉ፣ ከውጭ የሚታዘዝ ዕቃ ከተለጠፈበት ዋጋ እጅግ ርቆ ይገኛል። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት የሚነጻጸረው እጅ ላይ እስኪደርስ ያለው ጠቅላላ ወጪ እንጂ የሻጩ ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም።

ብዙዎች በውጭ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ይዞላቸው እንዲመጣ ይጠይቃሉ። ጎማ ያልገባበት የጎዳና ቸርኬ ዙሪያው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥንዱ ሞዞዎቹ ሳይነካኩ በአንድ ካርቶን ቢታሸጉ ውፍረቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሦስቱ ጎኖች ድምር ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቅዱት 158 ሴንቲ ሜትር ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ፣ ካርቶኑን በጥብቅ ማሸግና ቀድሞ መለካት ተጨማሪ ክፍያን ያስቀራል። ዲስኮቹ ተፈተው ለብቻ ቢታሸጉ ከመጉበጥ ይተርፋሉ።

በጀቱ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ ያለው መንኮራኩር ቀጥ ያለና ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ገንዘቡን መጀመሪያ ጥሩ ጎማ ላይ ማዋል ይሻላል፤ በመንከባለልም ሆነ በርጥብ አስፋልት ላይ በመቆንጠጥ ረገድ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። አዲስ መንኮራኩር የተገዛ እንደሆነ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ራጂዎቹን ማስፈተሽ፣ ዲስኩን ከዘይትና ከግራሶ መጠበቅ፣ ረጅሙን ቁልቁለት ከመውረድ በፊትም ፍሬኑን ሜዳ ላይ ደጋግሞ በመያዝ አዲሱን ዲስክ ከሸራው ጋር ማላመድ ያስፈልጋል።