ለዓሣዎቻችን ከመብራቱ ይልቅ ሙቀቱ

ባልና ሚስት ማታ ተቀምጠው የሚያዩት ከቴሌቪዥን ሌላ ምን አለ? እኛ ደብረ ብርሃን ባለው ቤታችን ተክል ያለበት ትንሽ የዓሣ ገንዳ አለን።

የመጀመሪያዎቹን ዓሦች ውኃው በተሞላበት ዕለት ጨመርናቸው፤ በሳምንት ውስጥ አለቁ። ልጃችን አለቀሰች፤ ባለቤቴም «ይብቃን» አለ። ጥፋቱ ችኮላችን ነበር። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛ ጊዜ ከተክሉ ጀመርን። 40 ሊትር በሚይዝ መስታወት ውስጥ የታጠበ አሸዋ አንጥፉ። ብዙ ብርሃን የማይሻው አኑቢያስ ወፍራም ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳልና ድንጋይ ላይ በክር እሰሩት። በጣና ሐይቅም የሚበቅለው ቫሊስኔሪያ ግን ሥሩ አሸዋ ውስጥ ይግባ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ባልዲ ውስጥ ይደር። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ በቀን 7 ሰዓት ይበቃል፤ በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መብራት ሲበዛ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ብቻ እየጨመርን ስድስት ሳምንት ባዶ ገንዳ ስናይ ከረምን። ጎረቤት ስቆብናል!

ወጪው ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋፒ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ደግሞ 24 ዲግሪ አካባቢ ይወዳሉ። ስለዚህ ባለ 50 ዋት ማሞቂያ ገዛን፤ ከመብራቱ እጅግ የሚበልጥ ኃይል ይወስዳል። ሐዋሳና ናዝሬት ያላችሁ ይህ ብዙም አያሳስባችሁም። (ወንድ ወንዱን ብቻ ግዙ፤ አለበለዚያ ገንዳው በግልገል ይሞላል።)

ኅዳር ላይ መብራት በጠፋበት ሌሊት ባለቤቴ ከአልጋችን የመንዙን ባና ገፍፎ ገንዳውን ጠቀለለው። እኛ በጋቢ አደርን፤ አራቱም ጋፒዎች ጠዋት ይዋኙ ነበር።