የቀድሞውን የሣቅ ቴአትር በሲኒማ ስለ ማደስ

መንግሥቱ ለማ የደረሱት «ጠልፎ በኪሴ» የተባለው የሣቅ ቴአትር፥ በ1961 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታትሞ ከወጣ ወዲህ ስሙ ሳይረሳ እስከ ዛሬ የቈየ ነው። ታሪኩም የተማሩ የከተማ ጐልማሶች ዘመናዊ ነን እያሉ፥ ሚስት ፍለጋ ግን ወደ ጥንቱ ጠለፋ ሲመለሱ ያሳያል። ሣቁ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ በአፉ ሥልጣኔን የሚሰብክ ሰው በእጁ የሰው ልጅ ሊነጥቅ ይነሣል።

ይህን የተወደደ ሥራ ወደ ሲኒማ ለማዛወር፥ ይልቁንም በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ለሚኖረው የቡና አገር ሕዝብ እንዲስማማ አድርጎ ለማደስ የሚያስብ ሰው፥ ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታየው ይችላል። ድርሰቱ አለ፤ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሣቁም ተፈትኗል። ነገር ግን ችግሩ የተቀመጠው እዚያው ሣቁ ውስጥ ነው።

ቴአትሩ በታተመበት ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፥ በኋላ የሚደረገው ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። ደግሞም በ2006 ዓ.ም. የታየው «ድፍረት» የተባለው ፊልም፥ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ የቀረበችውን ልጅ ታሪክ፥ እርሱም በእውነት የሆነውን ነገር መሠረት አድርጎ ለዓለም አሳይቷል። ይህን ያየ ተመልካች «ጠለፋ» የሚለውን ቃል ሲሰማ አስቀድሞ የሚመጣበት ሣቅ አይደለም።

እንዲህ ያለው ፈተና የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በወጣው «ሰባት ሙሽሮች ለሰባት ወንድማማቾች» በተባለው የዘፈን ፊልም፥ በተራራ የሚኖሩ ወንድማማቾች ከከተማ ልጃገረዶችን ነጥቀው ሲሸሹ ሕዝቡ በደስታ ተመልክቶ ነበር። የዛሬ ሰው ጭፈራውን ቢያደንቅም፥ ነጠቃው ላይ ሲደርስ ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም።

እንግዲያስ ጠለፋውን አውጥቶ በሌላ ነገር መተካት ይሻላል የሚል ይነሣ ይሆናል። ይህ ግን ቡናውን አስቀርቶ ባዶ ጀበና እንደ ማቅረብ ነው። ጠለፋው ይቈይ፤ የሚሣቅበት ግን ጠላፊው ይሁን። በዚህ ረገድ ሲኒማ ከመድረክ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በመድረክ ላይ ተመልካቹ ርቆ ስለሚቀመጥ የሰዎቹ ግርግር ብቻ ይታየዋል፤ በሲኒማ ግን የልጅቱ ፊት ሸራውን ሞልቶ ይመጣል። ከፈራች ፍርሃቷ አይደበቅም። ስለዚህ አዲሱ ደራሲ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዋ የምትናገረውን ቃል ይጻፍላት፥ እርሱም ከጠላፊዎቹ ንግግር የሰላ ይሁን።

የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ቢሆንም፥ ቤንቹ፥ ሸኮው፥ ሜኢኒቱ፥ ከፋውና ሸካው በየቤቱ የሚሥቅበት የራሱ ቋንቋ አለው። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች የሚሠራውም ሰው ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ነው። የመንግሥቱ ለማ ቀልድ ደግሞ በቃል አመራረጥ ላይ የቆመ ነው፤ ቅኔ የተማሩና በለንደን የኖሩ ሰው ስለ ነበሩ፥ የሊቁንም የፈረንጅ አገር ተማሪውንም አነጋገር ያውቁበታል። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው ያደረገ ተመልካች ከዚህ ብዙው ያመልጠዋል። ታዳሹ ፊልም ቃሉን በቃል ከመድገም ይልቅ፥ ያንን ግብዝ ጐልማሳ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣ፥ በሞተር ብስክሌት የሚንጐራደድ የቡና ነጋዴ ልጅ ቢያደርገው የሚዛን ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ፊልሙም ተሠርቶ ሲያልቅ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ከሚታይ፥ በቡና ለቀማ ወራት በቴፒ ገበያ ቀን ይታይ። ልጃገረዶች ከፊት ይቀመጡ፤ የሚሥቁበትም ዝም የሚሉበትም ቦታ በጽሕፈት ይያዝ፤ ዝም ያሉበትም ቦታ እንደ ገና ይቀረጽ።