የውጭ በርና መስኮት ምን ቢቀባ ይበረክታል? ቫርኒሹ በዓመቱ የሚላጠው ለምንድነው?

ለእንቁጣጣሽ ቫርኒሽ የተቀባ የእንጨት መስኮት ለቀጣዩ እንቁጣጣሽ ተላጦ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ይረግፋል። ወቀሳው ብዙ ጊዜ ቀቢው ላይ ያርፋል፤ ወይ ደግሞ "ፎርጅድ ነው የሸጡን" እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ጥሩ ቫርኒሽ በጎበዝ ባለሙያ ተቀብቶም ውጭ ላይ ቶሎ ይላጣል። ምክንያቱን እንየው።

የምናወራው ውጭ ስላለ እንጨት ነው፦ የበርና የመስኮት ፍሬም፣ በጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚመታ ጣውላ፣ የበረንዳ መደገፊያ።

👉 ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው

እንጨት ውስጥ ክሮቹን እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሄን ሙጫ ይሰባብረዋል። ያልተቀባ እንጨት ውጭ ሲከርም ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቫርኒሽ ደግሞ ውስጡን የሚያሳይ ቅብ ነው፤ የእንጨቱን መልክ እንደሚያሳየን ሁሉ ጨረሩንም ያሳልፋል። ላዩ ደህና እየመሰለ ከስሩ ያለው እንጨት ይላላል፣ ቫርኒሹም የሚይዘው ያጣል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የተላጠውን ቁራጭ ገልብጡት። ቀጫጭን የእንጨት ክሮች ተጣብቀውበት ካያችሁ የለቀቀው እንጨቱ ራሱ ነው።

የእኛ ከተሞች ከፍታ ነገሩን ያብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትር ከፍታ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቤቱን ከማሳመሩ ይልቅ ጥላ መሆኑ ነው ቅቡን የሚያቆየው የምንለው ለዚህ ነው።

👉 ታዲያ ምን እንቀባ?

▪️ ቫርኒሽ፦ የዋንዛን መልክ የሚያሳይ ስለሆነ ያምራል፣ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው። ሰፊ በረንዳ ለሚሸፍነው በር ይሆናል። ለቤት ውስጥ ዕቃ የተሠራውን ውጭ አትቀቡ፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲሸሽ አብሮ ስለማይሳብ ይሰነጠቃል።

▪️ የተልባ ዘይት፦ ወደ እንጨቱ ስለሚሰርግ አይላጥም። ግን ብቻውን ፀሐይ አይከላከልም፣ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥበት ባለበት ሻጋታ ይወደዋል። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

▪️ ስቴይን፦ ቀለም ያለው ሆኖ እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ ቅብ ነው። የእንጨቱ መስመር ይታያል፣ ቀለሙ ደግሞ ጨረሩን ይቀንሳል። ሲያረጅ አይላጥም፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ አጥቦ መደረብ ብቻ ነው፣ ፍቆ ማንሳት የለም። ቆርቆሮው ላይ ለውጭ የሚሆን መሆኑን አንብቡ።

▪️ ቀለም፦ ብዙ የሚቆየው ይሄ ነው። አንድ ዙር ፕራይመር፣ ሁለት ዙር ለውጭ የተሠራ ቀለም፤ በደንብ ከተሠራ ከ7 እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ከዓመታት በኋላም ይለጠጣል፤ የዘይት ቀለም ግን እያደር ይደርቅና ይሰነጠቃል። በጣም የጠቆረ ቀለም ሙቀት ስለሚስብ እንጨቱን ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

የእኛ ምርጫ? ፀሐይና ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ቀለም ይቀባ፣ መልኩ እንዲታይ የምትፈልጉት ስቴይን፣ ከጥላ ስር ያለው ቫርኒሽ። ስታሰሉ ደግሞ የቆርቆሮውን ዋጋ ብቻ አትዩ። በየሁለት ዓመቱ ለሚፋቅ ቫርኒሽ የምትከፍሉት የእጅ ዋጋ ከቀለሙ ሊበልጥ ይችላል።

👉 ለእንቁጣጣሽ ሳይሆን ለገና

ይሄኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ነሐሴ ላይ ለበዓል ብለን ስንቀባ እንጨቱ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል። ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እርጥብ ነው። ፀሐይ ስትወጣ እርጥበቱ መውጫ ይፈልጋል፣ ቅቡን ገፍቶ ያሳብጠዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ፤ እንጨቱ ደርቋል፣ ዝናብ የለም። ለበዓል ማሳመር ካለባችሁ ግድግዳውን ቀቡ፣ እንጨቱን ለገና አቆዩት።

👉 ከመቀባት በፊት

1. አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሠሩ። ከኋላ ውሃ የሚገባበትን እንጨት ምንም ቅብ አያድነውም።
2. ግራጫ የሆነውን ላይ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ፈግፍጉት። ከዚያ ሳይቀባ ሳምንታት ፀሐይ ላይ አይቆይ፤ ቅቡ በደንብ አይይዝም።
3. የጣውላው የተቆረጠ ጫፍ ከጎኑ ይልቅ ውሃ ይመጣል። ጫፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት። አዲስ ጣውላ ከሆነ ሳይመታ በፊት ጀርባውም ይቀባ።
4. የድሮው ቀለም ላይ ፕላስተር ለጥፉና ቶሎ ንጠቁት። ቀለሙ አብሮ ከመጣ ሳታነሱት አትደርቡ።

⚠️ ቤቱ የቆየ ከሆነ

የድሮ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ግድግዳውና መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። አቧራው በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ እያረጠባችሁ ይሁን። ማስክ አድርጉ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ከአካባቢው አርቁ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ። በእሳት ማቃጠል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ቤት የሚያሠራ ወይም ቤተሰቦቹ ለበዓል ቀቢ እየፈለጉ ያሉ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። የእናንተ ሰፈር መስኮት ስንት ዓመት ቆየ? ምን ነበር የተቀባው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።